የወር ደመወዝ፣ የዕለት አስቤዛ፦ የከተማ ቤተሰብ ወጪ ከምንዛሪ ለውጡ ወዲህ

የአንድ የከተማ ቤተሰብ ወርኃዊ ወጪ በአራት ትላልቅ ክፍሎች ይጠቃለላል፦ ምግብ፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ እንዲሁም መብራት፣ ውኃና ማገዶ። ከአራቱ የምግቡ ድርሻ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረትን በሚያሰላበት ቀመር ውስጥ እንኳ ምግብ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ ይይዛል። ገቢው ዝቅተኛ በሆነ ቤተሰብ ዘንድ ድርሻው ከዚህም ይልቃል፤ ለዚህ ቤተሰብ ጤፍ፣ ዘይትና ሽንኩርት ሲወደዱ ኑሮው በሙሉ ተወደደ ማለት ነው።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለነዚህ ወጪዎች አዲስ ምዕራፍ ከፍተዋል። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ የሚያድግበት የአራት ዓመት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጣ። በሌላ በኩል የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ጨመረ፣ ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው የገቢ መጠንም ከፍ አለ። ቤተሰብ ይህን ሁሉ የሚያየው በአስቤዛው፣ በቆጣሪውና በወር መጨረሻ በሚተርፈው ወይም በሚጎድለው ገንዘብ ነው። ነገሩ በቅርበት ሲታይ ጫናው ከዋጋ መጨመር ብቻ የመጣ አይደለም። ገቢ የሚገባበት ጊዜና ዕቃ የሚረክስበት ጊዜ አለመገጣጠማቸውም ትልቅ ድርሻ አለው። ዕቃ ሲረክስ ገንዘብ በእጁ የሌለው ሰው፣ ያው ዕቃ ሲወደድ መግዛቱ አይቀርለትም።

ዋጋው እንዴት ወጣ?

የዋጋ ንረቱ ከምንዛሪ ለውጡ በፊትም ከፍተኛ ነበር። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ37 በመቶ፣ የምግብ ዋጋ ንረት ደግሞ ከ43 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ መንግሥት ከባንኩ የሚወስደው ቀጥተኛ ብድርም ተገታ። በነዚህና በሌሎች እርምጃዎች ንረቱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተወሰነ። ውሳኔው ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር ጋር ተያይዞ የመጣ ነበር። እስከዚያ ዕለት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ወጣ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽም ከ120 ብር በላይ ሆነ። ይህ ቁጥር በባንክ መስኮት ብቻ አልቀረም። የፓልም ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ መድኃኒት፣ ሳሙናና የሳሙና ጥሬ ዕቃ በሙሉ ወይም በከፊል ከውጭ ይገባሉ። ነዳጅም እንዲሁ በዶላር ይገዛል፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ።

አገር ውስጥ የሚመረተው ጤፍም ከዚህ ማዕበል አላመለጠም። ከምንጃር፣ ከበቾ፣ ከአድኣና ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ጤፍ በናፍጣ መኪና ይጓጓዛል፤ ገበሬው የሚጠቀምበት ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ይገዛል። በአምራች አካባቢዎች የጸጥታ ችግር ሲፈጠር መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ በየኬላው የሚከፈለው ገንዘብ በኩንታሉ ላይ ይታከላል። ከዚህ ሌላ ገበሬው ራሱ ሸማች ነው። ዘይትና ልብስ የሚገዛበት ዋጋ ሲጨምር፣ ጤፉን በዱሮው ዋጋ ሸጦ ኑሮውን መምራት አይችልም።

የንረት መቀነስ ብዙ ጊዜ የዋጋ መቀነስ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንረቱ ከ37 ወደ 14 በመቶ ወረደ ማለት ዋጋ ወደ ቀድሞው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። ለምሳሌ በአንድ ዓመት 37 በመቶ፣ በሚቀጥለው 14 በመቶ የጨመረ ዕቃ በ100 ብር ተነስቶ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 156 ብር ይደርሳል። ባለሥልጣናት ንረቱ መቀነሱን ሲናገሩ፣ እናቶች ደግሞ ኑሮው አልቀለለም ሲሉ ሁለቱም እውነት የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ገቢው ዋጋውን ይከተላል፣ አይቀድመውም

በገቢ በኩልም ለውጥ አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ ተቀጣሪ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል። እነዚህ ቁም ነገር ያላቸው እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም የደመወዝ ጭማሪ በአንድ ጊዜ ይመጣና ለረዥም ጊዜ እዚያው ይቆያል፤ ዋጋ ግን በየሳምንቱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጭማሪው የመጣ ዕለት የሚሰማው እፎይታ በሚቀጥሉት ወራት እየሳሳ ይሄዳል።

በግል ዘርፍ ያለው ሠራተኛ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም። የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የቤት ሠራተኛዋና የጥበቃ ሠራተኛው ገቢያቸውን የሚወስነው የመደራደር አቅማቸው ነው። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ ለየት ያለ ቦታ አለው። በባንክ ተመን ሲሰላ 5,700 ብር ገደማ የነበረ የ100 ዶላር ሐዋላ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ከ12 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞም በጥቁር ገበያ ይላክለት የነበረ ቤተሰብ ግን ከለውጡ ያገኘው ተጨማሪ ብር ትንሽ ነው፤ የጥቁር ገበያው ዋጋ አስቀድሞ ከባንኩ እጥፍ ተጠግቶ ነበርና። ይህ ቤተሰብ ዋጋው ሲጨምርበት ገቢው በዚያው ልክ አላደገለትም።

አስቤዛ፦ በችርቻሮ የሚኖር ቤት የሚከፍለው ትርፍ

ከሱቅ በፌስታል የሚገዛ ሩብ ሊትር ዘይትና ከጅምላ የሚወጣ 20 ሊትር ጀሪካን ተመሳሳይ ዘይት ቢሆኑም ዋጋቸው አንድ አይደለም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቸርቻሪው ትርፍ፣ የኪራዩ፣ የማጓጓዣውና የመከፋፈል ድካሙ ዋጋ ነው። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ቡና ለአንድ ቀን ያህል፣ ከሰል በትንሽ መደብ፣ ምስር በጣሳ የሚገዛ ቤተሰብ በእያንዳንዱ ግዢ ይህን ልዩነት ይከፍላል። በወር ሲደመር ልዩነቱ ራሱን የቻለ ወጪ ይሆናል። ይህን ወጪ የሚሸከመውም ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ቤተሰብ ነው፤ በጅምላ መግዣ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይኖረውምና።

የዱቤ ግዢም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሰፈር ባለሱቅ ደብተር ላይ እየጻፈ እስከ ደመወዝ ቀን ዕቃ ይሰጣል። ይህ ለብዙ ቤት የሕልውና ጉዳይ ነው፤ ልጅ ጾሙን እንዳያድር ያደርጋል። ባለሱቁ ወለድ ብሎ አያስከፍልም፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚቆይበትን ጊዜና ሳይከፈል የሚቀርበትን ዕዳ በዋጋው ውስጥ ያካትታል። ባለዱቤ ሸማች ደግሞ ሱቅ አማርጦ መግዛት አይችልም። ዋጋ ሊያነጻጽር ሌላ ሱቅ ቢሄድ እጅ በእጅ መክፈል አለበት፤ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ የባለፈውን ወር ዱቤ ለመዝጋት ወጥቷል።

የጉልት ንግድን ግን የመወደድ መንስኤ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። አንዲት የጉልት ነጋዴ ገና ጎህ ሳይቀድ አትክልት ተራ ትወርዳለች፤ ሽንኩርቱን በጆንያ ትገዛለች፤ በትራንስፖርት ታመጣለች፤ ከላይ ያለውን ታሳያለች፣ ከሥር የበሰበሰውን ትለያለች። በመደብ ስትሸጥ የምታገኘው ትርፍ የድካሟና የብልሽቱ መካካሻ ነው። በክረምት ዝናቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያበላሽ ኪሳራው በመጀመሪያ በእርሷ ላይ ያርፋል።

ጤፍ በቅርበት ሲታይ

ወቅት በእህል ዋጋ ላይ ያለውን ኃይል ከጤፍ በላይ የሚያሳይ የለም። የመኸር ምርት ከኅዳር ጀምሮ ይሰበሰባል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ገበያው ላይ እህል በብዛት ይኖራል። ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ሲሳሳ፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዋጋው ይከርራል። ጤፍ ፍሬው ደቃቃ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ለረዥም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ በጥር የተገዛ ጤፍ በመስከረም ሲበላ፣ ዋጋው በመስከረም ከሚገዛው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። በዱቄት መልክ ግን አይቆይም፤ እህሉን አስቀምጦ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ማስፈጨት ይሻላል። ሽምብራና ባቄላ ለነቀዝ የተጋለጡ ስለሆኑ በብዛት ከመያዝ ይልቅ ቆልቶና ከክቶ ሽሮ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው። የዓመት በርበሬ በበጋ አድርቆ፣ ቀምሞና አስፈጭቶ ማስቀመጥም ከዚህ የቆየ ጥበብ የሚቆጠር ነው።

የጤፉ ዓይነትም በወጪው ላይ ይወስናል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛና ቀይ ጤፍ በአንድ ገበያ ላይ የተለያየ ዋጋ አላቸው። ከማኛ ወደ ሠርገኛ መውረድ በእንጀራው ቀለም ላይ ለውጥ ያመጣል እንጂ በምግብነቱ አያጎድልም፤ ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን ይዘቱ ይመሰገናል። ብዙ ቤቶች ከፎገራ የሚመጣ ሩዝ፣ ማሽላ ወይም ገብስ ከጤፉ ጋር ቀላቅለው ያስፈጫሉ። ውጤቱ በመጠኑ ይወሰናል። ሩዙ ሲበዛ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፤ የደረቀ እንጀራ ደግሞ ፍርፍር ካልሆነ በቀር ይጣላል። የሚጣል እንጀራ ካለ ከመቀላቀሉ የተገኘው ቁጠባ የለም።

ይህ ሁሉ በጥር ወር ለአንድ ወይም ለሁለት ኩንታል የሚሆን ገንዘብ በእጅ መኖርን ይጠይቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ወርኃዊ ደመወዝተኛ በጥርም የሚያገኘው የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ነው። እህል በሚረክስበት በጥር ወር ጥምቀት አለ፤ ገናም ቀደም ብሎ በታኅሣሥ መጨረሻ ይውላል። በመስከረም ደግሞ እንቁጣጣሽና መስቀል ከትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዩኒፎርምና ከደብተር ጋር ይገጣጠማሉ፤ እህልም በዓመቱ ከሚወደድባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ገቢው በወር እኩል ተከፋፍሎ ሲመጣ ወጪው ግን በወቅት ይከማቻል። የቤት አስተዳደር ዋናው ሥራ ይህን ልዩነት ማጥበብ ነው።

ዕቁብ፣ ቅርጫና ሸማቾች

ልዩነቱን ለማጥበብ ሕዝቡ ራሱ የሠራቸው ተቋማት አሉ። ዕቁብ ትንንሽ ወርኃዊ መዋጮን ወደ አንድ ትልቅ ገንዘብ ይለውጣል። ለምሳሌ አሥር ሰዎች በወር 1,500 ብር ቢጥሉ በየወሩ አንዱ 15,000 ብር ይወስዳል። ድክመቱ በዋጋ ንረት ጊዜ ይታያል፤ መጀመሪያ የደረሰው ሰው በዛሬ ዋጋ ይገዛል፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያንኑ ብር ይዞ በተወደደ ገበያ ይወጣል። ዕጣው የሚወጣበት ወርም ከእህል ወቅት ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ቅርጫ ይህን ድክመት የሚሞላ አሠራር አለው። ጎረቤት በበዓል ተሰባስቦ አንድ በሬ ይገዛል፣ ያርዳል፣ እኩል መድቦ በዕጣ ይካፈላል፤ ሉካንዳ ከሚገዛው በቀነሰ ዋጋም ሥጋ ያገኛል። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ግዢ ብዙ ቤቶች በአንድ ቀን ይፈጽሙታል፤ ማንም ተራ አይጠብቅም። ይህ አሠራር በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ለሥጋ ብቻ የሚሠራበት ምክንያት የለም። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ያሉ አሥር ቤቶች በጥር ወር ጤፍ ከእህል በረንዳ ወይም ከአምራቹ አካባቢ በጋራ ሊያመጡ፣ ዘይት በጀሪካን ገዝተው ሊካፈሉ፣ ሽንኩርት በጆንያ ሊያስመጡ ይችላሉ። የሚያስፈልገው የሚታመን ገንዘብ ያዥ፣ ሚዛንና የተጻፈ ሒሳብ ነው፤ ገንዘብ ያዡና ሒሳቡ በየዕድሩ ውስጥ አሉ።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዚሁ ሐሳብ ሰፊ ቅርጽ ናቸው። ከገበሬ ዩኒየኖች በቀጥታ ሲገዙ በመካከል ያለውን የደላላ ሰንሰለት ያሳጥራሉ። በአዲስ አበባ በየክፍለ ከተማው የሚቆመው የእሁድ ገበያም አምራቹንና ሸማቹን በማገናኘት ዋጋን ያረጋጋል። የሁለቱም ችግር የአቅርቦት መቆራረጥ ነው። ማኅበሩ በጥር ጎተራውን የሚሞላበት በቂ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ከሌለው፣ እርሱም እንደ አባሉ በየወሩ ችርቻሮ ገዢ ይሆናል፤ የእህል ዋጋ ሲንር መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይታያል።

መብራት፦ ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

የመብራት ወጪ ከምግብ አንጻር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እያደገ የሚሄድ ወጪ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ጭማሪ ያደርጋል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ አሠራሩን ለመረዳት ይጠቅማል። በዚያ ማሻሻያ የመጨረሻ ደረጃ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ከ500 በላይ ለሆነው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። በሁለቱ መካከል የዘጠኝ እጥፍ ልዩነት አለ። ዓላማው ትንሽ የሚጠቀመውን መጠበቅና ብዙ የሚጠቀመውን ተገቢውን ዋጋ ማስከፈል ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤት ወሳኙ ጥያቄ በየትኛው እርከን ላይ ነው የሚለው ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ማስላት ይበጃል። የአንድ መሣሪያ ፍጆታ የሚገኘው ጉልበቱን በኪሎዋት፣ የሚሠራበትን ጊዜ በሰዓት አባዝቶ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ጊዜ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተጋገረ በወር 42 ይደርሳል። 1.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምድጃ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ይሆናል። ማቀዝቀዣ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ በወር 30 ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ ወሩን ሙሉ ከአንድ ተኩል በታች ይፈጃል፤ የዱሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ግን 9 ይፈጃል።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ ምጣዱ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ እንጀራ የሚጋግር ቤት በ50 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ መቆየት ይከብደዋል። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው መብራት ለመቆጠብ የሚያጠፋው አምፖል ከሁሉ ያነሰው ፈጂ ነው። አሮጌውን አምፖል በኤልኢዲ መቀየር አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ነው፤ ትልቁ ቁጠባ ግን ያለው በምድጃው ላይ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስት መክደን፣ በእንፋሎት ድስት መቀቀል፣ ሽንኩርቱን በአንድ ጊዜ በብዛት አቁላልቶ ለሁለት ሦስት ቀን ወጥ መሥራት፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላ በቀረው ግለት ሻይ ወይም ውኃ ማሞቅ ከአምፖል ማጥፋት ብዙ እጥፍ ይቆጥባሉ።

የምጣዱ ቁጠባ ገደብ አለው። ምጣድ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢወስድ፣ ሁለቱን የሳምንቱን ጋገራ ወደ አንድ ማድረግ በወር ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥባል። እንጀራ ግን በአራተኛው ቀን ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ጥቂት እንጀራ ቢጣል፣ ከመብራቱ የተቆጠበው ሳንቲም ከእህሉ ዋጋ ጋር አይተካከልም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገሩ ትክክለኛ ነው፤ ይልቅ ምጣዱ እንደጋለ ሳያቋርጡ መጋገር፣ አክንባሎውን በሚገባ መግጠምና ሥራው ሊያልቅ ሲል አስቀድሞ ሶኬቱን ነቅሎ የመጨረሻውን እንጀራ በቀረው ግለት ማውጣት ያዋጣል።

የጋራ ቆጣሪና ተከራይ

የእርከን ታሪፉ የታለመለትን ሰው የማያገኝበት አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ እርሱም በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ የሚጋሩበት አኗኗር ነው። አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው በወር 45፣ አከራዩ ደግሞ 120 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ቆጣሪው 300 ይቆጥራል። አራቱ ተከራዮች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይሆኑ ነበር። በጋራ ሲቆጠሩ ግን ከፍ ወዳለው እርከን ይወጣሉ። በ2011ዱ ማሻሻያ የመጨረሻ ዋጋ ሲሰላ፣ ፍጆታው በየእርከኑ ተከፋፍሎ ቢታሰብ እንኳ አማካዩ ዋጋ ከዝቅተኛው እርከን አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ወይም በክፍል እኩል የሚከፈል ከሆነ፣ አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ያለው ተከራይ የምጣድ ባለቤትን ወጪ ይጋራል።

በጊዜያዊነት የሚረዳው ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ መግጠምና ሒሳቡን በንባቡ ልክ ማካፈል ነው። ይህ ክፍፍሉን ፍትሐዊ ያደርጋል እንጂ እርከኑን አያወርድም። እርከኑን የሚያወርደው አገልግሎት ሰጪው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቆጣሪ ሲያስገባ፣ ወይም በአንድ ቆጣሪ ሥር ያሉትን ቤተሰቦች ቁጥር በታሪፉ ስሌት ውስጥ ሲያስገባ ነው።

የማብሰያ ማገዶውም ከዚሁ አይለይም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሰል መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ለሁለት የኃይል ምንጭ ይከፍላል። ከሰልም በጆንያና በመደብ ሲሸጥ የችርቻሮው ልዩነት አለበት። እንደ ላቀች ያሉ የተሻሻሉ የከሰል ምድጃዎች ሙቀቱን አቅፈው ስለሚይዙ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃሉ፤ በእንጨት ለሚጋግር ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጭስ መቀነሱ ለእናትና ለሕፃናት ሳንባ ያለው ጥቅም በገንዘብ አይተመንም።

ከቤቱ አቅም በላይ የሆነው

ወጪን መዝግቦ መያዝ፣ በወቅቱ መግዛት፣ በጋራ መግዛትና ፍጆታን ማወቅ የቤተሰብ ሥራ ናቸው። አራቱም ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ከገቢው አብዛኛውን ለኪራይና ለእህል የሚያውል ቤተሰብ የሚቆጥበው ነገር የለውም፤ ለርሱ ቆጥብ የሚለው ምክር ቁርስህን ተው ከማለት አይለይም። እንዲህ ያለውን ቤት የሚደግፉት የሕዝብ አገልግሎቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ የልጆችን የዕለት ምግብ ከቤት ወጪ ያነሳል። ሸገር ዳቦና የከተማ አውቶቡስ የዕለት ወጪን ያቃልላሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ በሥራ ላይ ሲውል ተከራዩ በየጊዜው በሚመጣ የኪራይ ጭማሪ የያዘውን ዕቅድ አያፈርስም፤ ሕጉን የማያውቅ ተከራይ ግን ጥበቃውን መጠቀም አይችልም።

ከነዚህ በተጨማሪ ሦስት እርምጃዎች ብዙ ቤቶችን በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። የመጀመሪያው፣ የሸማቾች ማኅበራት በታኅሣሥና በጥር እህል የሚገዙበት ወቅታዊ ብድር በዝቅተኛ ወለድ ማግኘት ነው፤ ይህ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ የሚከፈል እንጂ ድጎማ አይደለም። ሁለተኛው፣ ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛው በጥር ወር የእህል መግዣ የደመወዝ ቅድሚያ ሰጥተው በቀሪዎቹ ወራት በትንሽ በትንሹ መልሰው የሚቀበሉበት አሠራር ነው፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ይህን ሲያደርግ ይታያል። ሦስተኛው፣ ከላይ የተገለጸው የተከራዮች ቆጣሪ ጉዳይ ነው። ታሪፉ በየሦስት ወሩ በጨመረ ቁጥር የዚህ ቀዳዳ ጉዳት እየሰፋ ይሄዳል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ የተሳተፈበት ይህ ግድብ ለቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፦ መብራቱ ሳይቆራረጥ ከሰልን መተካት በመቻሉ፣ እንዲሁም ትንሽ የሚጠቀመው ደሃ በእርግጥ ትንሽ በመክፈሉ። ሁለቱም ገና ብዙ የማከፋፈያ መስመርና የቆጣሪ ሥራ ይቀራቸዋል።

የከተማ ቤተሰብ ወጪ እንዲቀልል ዋጋ እስኪወርድ መጠበቅ አያዋጣም፤ አንድ ጊዜ የወጣ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወደነበረበት አይመለስምና። የሚቻለው ቤተሰቡ በችርቻሮና በዱቤ የሚያጣውን ገንዘብ ማስቀረት ነው። በሬ በጋራ መግዛት የሚያውቅ ሰፈር ጤፍም በጋራ መግዛት አያቅተውም፤ ታሪፍ በእርከን ማውጣት የቻለ መንግሥትም ለደሃ ተከራይ ቆጣሪ ማስገባት አያቅተውም። ሁለቱ በሚቀጥለው ጥር ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸውና ዕድሮች፣ ማኅበራትና የመብራት አገልግሎቱ ከአሁኑ ቢዘጋጁ ይበጃል።